የባለዕዳው እጅ፣ የባለዕዳው ቤት

በአጼ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች በማስታወሻቸው ደጋግመው ካሰፈሯቸው ነገሮች አንዱ ቁራኛ ነው። አበዳሪና ተበዳሪ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተቆራኝተው ገበያ ይወጣሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ዳኛ ፊትም አብረው ይቆማሉ። ተበዳሪው ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት እየዞረ ዕዳውን የሚከፍልለት ይፈልጋል፤ ዘመድ ያጣ እንደሆነም መንገድ ዳር ይለምናል። አበዳሪው ከጎኑ አይለይም፤ ሰንሰለቱ አይፈቅድለትምና። የገንዘብ ፍርድ የሚፈጸመው ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ የሰውየውን ገላ በመያዝ ነበር።

ጭካኔ ነበር። ምክንያቱን ግን ማየት ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የሚገባን በእሱ ነው። ዋናው ሀብት መሬት ነው፤ ርስት ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የዘሩ ነው። ዳኛ «ይህ ሰው ዕዳ አለበት» ብሎ ርስቱን ከዘሩ ነቅሎ ለባዕድ ለመስጠት ይቸገራል። የባንክ ሒሳብ የለም፣ ካርታ የለም፣ ከብቱም አንድ ሌሊት ወደ አማች ቤት ተነድቶ ያድራል። በገጠር የነበረው መውጫ ወለድ አገድ ነው፤ ተበዳሪው መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፣ አበዳሪው በወለዱ ፈንታ ምርቱን ይበላል፣ ዋናው ገንዘብ የተመለሰ ዕለት መሬቱ ይመለሳል። መሬት ያላስያዘ ወይም የሌለው ሰው ዋስ ይጠራል። ዋስ ያጣ ሰው የቀረው ገላው ነው።

ስለዚህ የዕዳ ፍርድ ታሪካችን የአበዳሪው እጅ ከተበዳሪው ክንድ ላይ ቀስ በቀስ ተነሥቶ ወደ ንብረቱ የተሻገረበት ታሪክ ነው። መሻገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላለቀም።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በአንድ ወቅት ተደራርበው መጡ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በሰው ሳይሆን በወረቀትና በመያዣ የሚያበድር ተቋም ማለት ነው። በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የመጀመሪያው የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት ስለ አዲስ አበባ መሬት በወጣው ደንብ የከተማ ቦታ በግል መያዝና መሸጥ ሕጋዊ መልክ ያዘ። ይህ የመጨረሻው ለዕዳ ነገር ትልቁ ለውጥ ይመስለኛል። የከተማ ቦታ እንደ ርስት ሺህ ወራሽ የለበትም፤ አንድ ባለቤት አለው፣ ዋጋ አለው፣ በዕዳ ሊያዝ ይችላል። እንደዚሁ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጎች የሚከሰሱበትንና የሚከሱበትን ዳኝነት ለየት አደረገው። አበዳሪው አርመን፣ ግሪክ ወይም ሕንዳዊ ነጋዴ የሆነበት የዱቤ ክርክር እየበዛ በሄደ ቁጥር የተጻፈ የንግድ ሕግ ፍላጎቱም እየበረታ መጣ። በ1925 ዓ.ም. ስለ ኩባንያዎችና ስለ ኪሳራ ሕጎች ታወጁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

የጣሊያን አስተዳደር ለዚህ ታሪክ የተወው አሻራ በሕግ ሳይሆን በከተማው አቀማመጥ ላይ ነው። አራዳ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ባለበት ተከለው። ገበያው ሲዛወር ነጋዴው፣ ተሸካሚውና ባለ ሱቁ ተከትለው ወደ ምዕራብ ሰፈሩ፤ ከመርካቶ ጀርባ ያለው የኮልፌ ዳገትም ከጊዜ በኋላ በተለይ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች መኖሪያ ሆነ። ቀን መርካቶ በዱቤ ዕቃ አንሥቶ ማታ ኮልፌ የሚገባ ሰው ዕዳው ከንግዱ ቦታ፣ ቤቱ ከሰፈሩ ነው። ፍርድ ሲመጣ ግን ከንግዱ ቦታ ተነሥቶ ሰፈር ድረስ ይከተለዋል።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ወጣና ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተዋቀሩ። ትልቁ ሥራ ግን የተሠራው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ። ዛሬም ድረስ በኮልፌ አንድ ጎረቤት ለጎረቤቱ ገንዘብ ሲያበድር፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ የሚገዛቸው ይኸው ሕግ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። 500 ብር ያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በቃል የሚሰጥ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ በላይ ነው። ወለዱ ከመቶ 12 ሊበልጥ አይችልም፤ ተዋዋዮች ልኩን በጽሑፍ ካልወሰኑት 9 ከመቶ ነው። ዋስትና በግልጽና በጽሑፍ ካልሆነ፣ ዋሱ እስከ ስንት ድረስ እንደሚከፍልም ልኩ ካልተጻፈ አይጸናም። የድሮው ወለድ አገድም ከነስሙ በሕጉ ውስጥ ቦታ አገኘ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕዳው መኖሩን ይናገራል፤ እንዴት እንደሚወሰድ የተናገረው ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ብዙ ሥርዓቱን ከሕንድ የ1908 የሥነ ሥርዓት ሕግ የወሰደ ሲሆን፣ እነሆ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአፈጻጸም ዳኞች ጠረጴዛ ላይ አለ። በዚህ ሕግ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የሰው ኑሮ የሚነካው እዚህ ላይ ነውና።

ብዙ ሰው ፍርድ ሲሰጥ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለረታው ወገን ገና ጅማሬው ነው። የፍርዱን ግልባጭ አያይዞ የአፈጻጸም ማመልከቻ ያቀርባል፤ አዲስ መዝገብ ይከፈታል፤ ከሳሽ የነበረው የፍርድ ባለመብት፣ ተከሳሽ የነበረው የፍርድ ባለዕዳ ይባላሉ። ባለዕዳው መጥሪያ ይደርሰዋል፣ ቀርቦም እንዴት እንደሚከፍል ይጠየቃል። እዚህ ላይ ቀርቦ «በየወሩ ይህን ያህል ልክፈል» ብሎ አቅሙን በማስረጃ ያሳየ ሰውና መጥሪያውን ከበሩ ሥር ሲያገኘው ከመሳቢያ የከተተው ሰው ዕጣቸው ይለያያል። ያልቀረበው በሌለበት ይታዘዝበታል። ለባንኮች ደብዳቤ ይጻፋል፣ በስሙ ያለ ሒሳብ ተጣርቶ ይታገዳል። ለመንገድ ትራንስፖርት ይጻፋል፣ መኪና ካለው ሊብሬው ላይ እገዳ ይመዘገባል። ለክፍለ ከተማው የይዞታ አስተዳደር ይጻፋል፣ ካርታው ይታገዳል። ቤት የሚገዛ ሰው «ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑ ይጣራልኝ» የሚለው ለዚህ ነው። አበዳሪው ባለዕዳው ንብረቱን ሊያሸሽ ነው ብሎ ዳኛውን ካሳመነ ደግሞ እገዳው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊትም ይመጣል።

በዚሁ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 404 አለ። ከሕጉ ሁሉ የሰው ጠረን ያለው እሱ ነው እላለሁ። ምን እንደማይነካ ይዘረዝራል። የሚለበስ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ አይያዝም። ባለዕዳው የሚተዳደርበት የሙያ መሣሪያ አይያዝም፤ የልብስ ሰፊው መኪና፣ የአናጺው መጋዝና መላጊያ የሚጠበቁት በዚህ ነው። ገበሬ ከሆነ ዳኛው ለኑሮው ያስፈልጉታል ያላቸው ከብቶችና ዘር ይቀሩለታል። እሱና ቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚኖሩበት ምግብና ገንዘብ ይተውለታል። ጡረታና ቀለብ አይነኩም። ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛው አይነካም፤ ደመወዙ በቀን ከሁለት ብር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይነካም።

ሁለት ብር በቀን፣ 60 ብር በወር ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. ይህ ወለል ቁም ነገር ነበረው፤ ዘበኛውን፣ ተላላኪውንና የቀን ሠራተኛውን ከአበዳሪ እጅ የሚያወጣ መሥመር ነበር። ሕግ አውጪው «ከዚህ በታች ያለ ሰው የሚወሰድበት ነገር የለውም» ብሎ ወስኖ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ። ዛሬ ሁለት ብር ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ አያደርስም። ደመወዝተኛ ሆኖ ከዚህ መሥመር በታች ያለ ሰው ስለሌለ፣ ለድሃው የተሠራው ከለላ ቃሉ እያለ ሥራውን አቁሟል። በስድሳ ዓመት ውስጥ መንግሥት ደጋግሞ ተለወጠ፣ የሳንቲሙም መልክ ተለወጠ፤ ይህን ቁጥር የነካው የለም። ሕግ አውጪዎቻችን ከዚህ በፊት ማንሳት የነበረባቸው ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገላውስ? በሕጉ መሠረት መክፈል እየቻለ እንቢ ያለ ወይም ንብረቱን የደበቀ ባለዕዳ እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል። ስለሌለው ብቻ መታሰር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ማንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ባለመቻሉ ብቻ አይታሰርም ይላል። ከቁራኛ ወዲህ የተኬደው ርቀት እዚህ ላይ ይታያል።

ወደ ጊዜው ቅደም ተከተል ልመለስ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲወጣ ኮልፌ የከተማው ዳር ነበር፤ የፖሊስ ማሠልጠኛው፣ የባሕር ዛፉና የእርሻ ማሳው ጎልተው የሚታዩበት። ሰፈሩ ገና መሞላት ሲጀምር ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በዕዳ ረገድ የተከተለው ነገር ብዙ አይነገርለትም። ኪራይ ሰብስቦ ዕዳውን የሚከፍለው ባለ ብዙ ቤት ጠፋ። በቀበሌ ቤት የሚኖረው ደግሞ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ በዕዳ ሐራጅ የሚወጣበት ነገር አልነበረውም። አበዳሪም ይህን ያውቃል፤ ለቀበሌ ቤት ነዋሪ የሚያበድር ሰው የሚያየው ቤቱን ሳይሆን ዋሱን ነው። የራሱ አንድ ቤት ያለው ሰው ግን ሀብቱ ሁሉ በዚያ በአንዱ ቤት ውስጥ ተጠቃለለ። በኋለኛው የደርግ ዘመን ስሙን ከዓለም ባንክ የቤት ፕሮጀክት የወሰደው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከዚያም ቤቴልና ወይራ ሰፈር እየሰፉ ሲመጡ የተሠሩት ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የግል ባንኮች ተፈቀዱ። ባንክ ሲበዛ ያ አንድ ቤት መያዣ ሆነ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አበዳሪ በውል ብቻ ተማምኖ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን እንዲሸጥ አይፈቅድም ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ይህን ለባንኮች አነሣላቸው። ባለዕዳው በጊዜው ካልከፈለ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ቻለ። ፍርድ የለም፣ መጥሪያ የለም፣ አንቀጽ 404ን የሚያነብ ዳኛም የለም። ምክንያቱ ይገባል፤ ክርክር ዓመታት እየፈጀ የባንኮች ገንዘብ ታስሮ ይቀር ነበር፣ ያ ገንዘብ ደግሞ የአስቀማጮች ነው። ነገር ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ በአንድ ሰፈር ሁለት ዓይነት ባለዕዳ አለ። ከጎረቤቱ ተበድሮ ያልከፈለ ሰው ቤቱን ለማጣት ክስ፣ ፍርድ፣ ይግባኝና አፈጻጸም ያልፋል። ከባንክ ተበድሮ ያልከፈለ ሰው የሚያልፈው 30 ቀን ነው። ውሉን ሲፈርሙ ይህን ልዩነት በወጉ የሚያስረዳቸው ያገኙ ጥቂቶች ናቸው።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የትዳርን ገንዘብ በተመለከተ መልስ ሰጠ። አንዱ ተጋቢ ለብቻው የገባው ዕዳ ከግል ንብረቱ ይከፈላል፤ ያ ካልበቃ ወደ ጋራው ሀብት ይኬዳል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ግን የሁለቱም ነው። ባሏ ሳያማክራት ዋስ ሆኖ ቤቱ የታገደባት ሚስት ለአፈጻጸም ችሎቱ የመቃወም አቤቱታ አቅርባ ድርሻዋን መከራከር የምትችለው በዚህ ላይ ቆማ ነው።

በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ኮልፌ ቀራኒዮ አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው የከተማው ቻርተር እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የገንዘብና የንብረት ክርክር ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ሰጠ። የዕድር መዋጮ፣ የሱቅ ዱቤ፣ ያልተመለሰ ትንሽ ብድር ታክሲ ሳያስፈልግ በእግር ተሂዶ የሚዳኝበት ዘመን መጣ። ከዚያ በላይ የሆነው የግለሰቦች የብድር ክርክር ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። በ1988 ዓ.ም. አዋጅ የዚህ ፍርድ ቤት ጣሪያ 500,000 ብር ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1234 ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ አለ። ልብ በሉ፣ የፍርድ ቤቱ ጣሪያ ከገንዘቡ ዋጋ መውረድ ጋር ሃያ እጥፍ ሲያድግ የባለዕዳው ወለል ሁለት ብር ላይ ነው የቀረው። አንዱን ማስተካከል እንደሚቻል ከታወቀ ሌላውም ይቻላል።

ሰንሰለቱ በሌላ በር የተመለሰው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትን እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ነጋዴው ይህን በደንብ ያውቃል። ስለዚህ ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ፣ ዕቁብ ቀድሞ ለደረሰው ሰው ገንዘብ ሲያስረክብ፣ ሲያበድርም የተፈረመ ቼክ ይቀበላል። ቼኩ ለመክፈያ ሳይሆን ለመያዣ ነው፤ የሚያዘው ንብረት ደግሞ የፈራሚው ነጻነት ነው። ከመርካቶ እስከ ኮልፌ ባለው ንግድ ውስጥ ይህ የተለመደ አሠራር ሆኗል፤ ሁለቱም ወገን ቼኩ ሲፈረም ገንዘብ እንደሌለው እያወቁ ይቀባበሉታል። አራጣ አበዳሪም፣ አራጣው ራሱ ወንጀል ሆኖ ሳለ፣ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ በቼክ ያጽፈዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከመቶ 12 ብሎ የገደበው ወለድ ወረቀቱ ላይ አይታይም። የሚታየው ድምሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሐራጁ እንምጣ። «አዲስ ዘመን» ጋዜጣን የሚገልጥ ሰው የሐራጅ ማስታወቂያዎቹን ያውቃቸዋል። የፍርድ ባለመብት ስም፣ የፍርድ ባለዕዳ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ መነሻ ዋጋ። ከዚያ ቀኑና ሰዓቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ እስከ ቀትር ባሉት ሰዓታት። በመጨረሻም አሸናፊው ያሸነፈበትን ዋጋ 25 በመቶ ወዲያውኑ እንዲያስይዝ የሚል ማሳሰቢያ። የባለዕዳው ስም ከነቤት ቁጥሩ ለአገር ሁሉ ይነበባል፤ የዕድሩ ጸሐፊም ያነበዋል፣ የልጆቹ መምህርም ያነበዋል። በመጀመሪያው ጨረታ በቂ ዋጋ ካልቀረበ ሁለተኛ ይወጣል፤ ያኔም ገዥ ከታጣ አበዳሪው ቤቱን በግምቱ ዋጋ ሊረከብ ይችላል። ከሽያጩ ገንዘብ ዕዳው፣ ወለዱና ወጪው ተነሥቶ የተረፈው ለባለዕዳው ይመለሳል። ጎደሎ ከሆነ ደግሞ ዕዳው ይቀጥላል። ነጋዴ ከከሰረ የኪሳራ ሥርዓት አለው፤ ነጋዴ ላልሆነው ግን ዕዳው ተሰርዞለት እንደገና የሚጀምርበት ሕጋዊ መንገድ የለም።

በኮልፌ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የባለዕዳው ቤት ብቻ መያዙ አይደለም። ዕዳ የሌለበት ሰው ቤትም ይያዛል። አንድ ሰው ቤት ይገዛል፣ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ቁልፉን ተረክቦ ይገባል፤ ስም ማዛወሩ ግን ወጪውን ወይም ምልልሱን ፈርቶ ለነገ ያለዋል። ካርታው በሻጩ ስም እንዳለ የሻጩ አበዳሪ ፍርድ አግኝቶ ያሳግደዋል። ገዥው «ቤቱ የኔ ነው» ብሎ የመቃወም አቤቱታ ያቀርባል። ሕጉ ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በመዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም ይላል፤ ውሉም በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ካልተደረገ ከዚያም የባሰ ነው። ዓመታት የኖረበትን፣ ግንብ ያጠረበትን ቤት ያጣል፤ የቀረው መብት ሻጩን መክሰስ ነው፤ ያው ቤቱን በዕዳ ያስያዘውን ሰው።

በ2011 ዓ.ም. የሚንቀሳቀስ ንብረትን በመያዣነት ማስመዝገብ የሚያስችል አዋጅ ወጣ። የ2013 ዓ.ም. የፍርድ ቤት አዋጅ ደግሞ ተከራካሪዎች ወደ ፍርድ ከመግባታቸው በፊት በፍርድ ቤት አስማሚ ፊት የሚነጋገሩበትን ሥርዓት አበጀ። ለዕዳ ነገር ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድል ነው፤ ለክፍያ ጊዜ መስጠት፣ ወለዱን መተው፣ ከቤቱ በፊት ሸቀጡን መሸጥ የሚቻለው ጠረጴዛው ላይ ፍርድ ሳይቀመጥ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ መዝገብ ውስጥ ሲገናኝ ምን እንደሚመስል ለማየት ስም የሌለው ምሳሌ ልውሰድ። አንድ የአጠና ተራ ነጋዴ 600,000 ብር በጽሑፍ ይበደራል። አንድ መምህር ወዳጁ በአንድነትና በነጠላ ዋስ ይሆነዋል። በአንድነትና በነጠላ ማለት አበዳሪው ነጋዴውን ሳያስቀድም መምህሩን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ንግዱ ይወድቃል፤ በ2014 ዓ.ም. በሁለቱም ላይ ይፈረዳል፤ ከ9 ከመቶ ወለድ ጋር። ነጋዴው የሚኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ አጠናው ተሽጧል፣ ሒሳቡ ባዶ ነው። አበዳሪው ወደ መምህሩ ይዞራል። ደመወዙ 9,000 ብር ነው እንበል። አንድ ሦስተኛው፣ 3,000 ብር፣ በየወሩ እየተቆረጠ ለአበዳሪው ይገባል፤ በዓመት 36,000 ብር። ወለዱ ግን በዓመት 54,000 ብር ነው። ክፍያ አስቀድሞ ከወጪና ከወለድ ስለሚታሰብ ከዋናው ዕዳ አንድ ብር አይቀነስም። መምህሩ በየዓመቱ ከደመወዙ ሲሶውን እየከፈለ ዕዳው በ18,000 ብር ያድጋል።

ይህን ስሌት ዋስትናውን የፈረመ ዕለት ያሰበው ሰው የለም። በአፈጻጸም ችሎት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተቀናሹ በመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ክፍል በኩል ከተደላደለ በኋላ ዳኛው መዝገቡን ዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመልሰዋል። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ተቀናሹ ይቆማል፤ ጡረታ አይነካምና። አበዳሪው በበኩሉ ሌላ ንብረት ባገኘ ቁጥር፣ መምህሩ ቤት ቢወርስ ወይም ነጋዴው እንደገና ቆሞ ሱቅ ቢከፍት፣ የአፈጻጸም ጥያቄ የሚቀርብበት የአሥር ዓመት ጊዜ እስካላለፈ ድረስ «የተዘጋው መዝገብ ይንቀሳቀስልኝ» ብሎ ያመለክታል። ለ2014ቱ ፍርድ ያ ጊዜ እስከ 2024 ዓ.ም. ነው።